ካሜራው ያው፣ ሰማዩ ሌላ፦ የአንድ የደሴ የከዋክብት ፎቶ አንሺ ጉዳይ

ጉዳዩ

የከዋክብትን ፎቶ ማንሳት የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ካሜራ ነው። የትኛው ይሻላል? ሌንሱስ? ዋጋውስ? ደሴ ላይ ሠርግና ልደት እያነሳ የሚተዳደር አንድ ወጣትም የጀመረው እንደዚሁ ነበር። የሰማይ ፎቶዎቹ እየተበላሹ ሲያስቸግሩት ካሜራውን ጠረጠረ። ለአዲስ ሌንስ ገንዘብ ማጠራቀም ጀመረ። በመጨረሻ ደህና ፎቶ ያገኘው ግን በዚያው አሮጌ ካሜራ ነው። የተቀየሩት የሚቆምበት ቦታ፣ የሚወጣበት ወርና የሚያነጣጥርበት አቅጣጫ ናቸው።

ይህን ጉዳይ መጻፍ የፈለግሁት አንድ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። ስለ ሰማይ ፎቶ የምናገኘው ምክር አብዛኛው የተጻፈው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰማይ ነው። «በሐምሌና በነሐሴ ውጣ» ይላል። እኛ ጋ ያኔ ዝናብ ነው። «የሰሜን ኮከብን ፈልገህ መሣሪያህን አስተካክል» ይላል። ደሴ ላይ የሰሜን ኮከብ ከተራራ ጀርባ ናት። ወሎ ላይ የሚሠራ ሰው የወሎን ሰማይ ማወቅ አለበት።

የሆነው ከጦርነቱ በፊት ነው። የማንንም ስም አልጠቅስም። በከፊሉ አብሬው ነበርኩ። የቀረውን ያገኘሁት ከማስታወሻ ደብተሩና ፎቶዎቹ ላይ ከተመዘገበው መረጃ ነው።

ሰውየውና ዕቃው

ወጣቱ በብርሃን ጉዳይ አይታማም። የሠርግ ፎቶ ያነሳ ሰው ጨለማ አዳራሽ ውስጥ መሥራት ያውቃል። ያለው አንድ ያገለገለ ካኖን፣ አብሮት የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አንድ ርካሽ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስና ለቪዲዮ የሚጠቀምበት ስታንድ ነው። በኋላ ከዘመድ በውሰት የመጣች ትንሽ ቴሌስኮፕ ተጨመረች። ላፕቶፑ ላይ ሁለት ነፃ ፕሮግራሞች ጫነ። ስቴላሪየም የትኛው ኮከብ መቼና የት እንደሚወጣ ያሳያል። ዲፕ ስካይ ስታከር ደግሞ ብዙ ፎቶዎችን ደራርቦ አንድ ያደርጋል።

መደራረቡ ለምን እንዳስፈለገ ላስረዳ። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ካሜራው ቆሞ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ብዙ ከተከፈተ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ መስመር ይሆናል። ጀማሪዎች የሚጠቀሙበት ስሌት 500ን ለሌንሱ ርዝመት ማካፈል ነው። የእሱ ካሜራ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ርዝመቱ መጀመሪያ በ1.6 ይባዛል። ስለዚህ በ18 ሚሊ ሜትር 17 ሰከንድ፣ በ50 ሚሊ ሜትር ደግሞ 6 ሰከንድ ብቻ ነው የሚፈቀድለት። በዚህች ጊዜ የሚገባው ብርሃን ጥቂት ነው፣ ፎቶውም እህል እህል ይላል። 16 ፎቶ ሲደረብ ግን ያ እህል እህል ማለቱ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ዓላማው ሁለት ነበር። አንደኛው ፍኖተ ሐሊብን (ሚልኪ ዌይን)፣ ማለትም በጨለማ ሌሊት ሰማዩን እንደ ነጭ መቀነት የሚያቋርጠውን የከዋክብት ክምችት፣ በተለይ ደማቅና ወፍራም የሆነውን መሃሉን፣ ማንሳት። ሁለተኛው ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ሰይፍ ላይ ያለውን ኔቡላ፣ ማለትም ከዋክብት የሚወለዱበትን የጋዝ ደመና፣ ቀለሙ እስኪታይ ማንሳት።

ቦታው የሚሰጠውና የሚነሳው

በወረቀት ላይ ደሴ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ከተማ ትመስላለች። ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ ከከባቢ አየሩ ሩብ ያህሉ ከእግራችን በታች ይቀራል። ኬክሮሷ ደግሞ 11 ዲግሪ ሰሜን ነው። ስለዚህ ኦሪዮንና ሰባቱ ከዋክብት ከሞላ ጎደል አናት ላይ ይወጣሉ። የኦሪዮን ኔቡላ ደሴ ላይ እስከ 74 ዲግሪ ከፍ ይላል። ለንደን ላይ ከ33 ዲግሪ አይዘልም።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮከብ ወደ አድማስ በቀረበ ቁጥር ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ይወፍራል። አናት ላይ ያለውን የአየር ውፍረት 1 ብንለው፣ በ30 ዲግሪ ላይ 2 ይሆናል፣ በ10 ዲግሪ ላይ ከ5 ይበልጣል። የፍኖተ ሐሊብ መሃልም ደሴ ላይ እስከ 50 ዲግሪ ይወጣል። አውሮፓ ውስጥ ያለ ፎቶ አንሺ በዚህ ይቀናል። የደቡብ መስቀልን እንኳ በሚያዝያና በግንቦት ምሽት ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ እናያታለን።

ችግሩ ያለው ሌላ ጋ ነው። ደሴ የተቀመጠችው ጦሳ ተራራ ሥር፣ በደጋው ጠርዝ ላይ ነው። ወደ ምሥራቅ መሬቱ ተሰብሮ ይወርዳል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ 1,850 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ አፋር ቆላ ነው። ከቆላ የሚነሳ እርጥብ አየር ይህን ግድግዳ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። የደሴን ጉም የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። ጉሙን ከፎቶ ጋር አያይዞ ማሰብ ግን ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ የደረሰበት

የጀመረው ከሚኖርበት ፎቅ ሰገነት ላይ ነው። ወሩ ታኅሣሥ። ሰማዩ ቀን ላይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር፣ አንድም ደመና የለም። ስልኩ ላይ ያለው የአየር ትንበያም «ሌሊቱ ጥርት ያለ ነው» አለው። ፎቶው ግን ብርቱካንማ ሆኖ ወጣ። ከዋክብቱ ያሉት አናት ላይ ብቻ ነው። ወደ ጎን ያለው ሁሉ ቡናማ ጭጋግ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ተደራርቧል። የመጀመሪያው የከተማው መብራት ነው። ሁለተኛው ጭስ። ማታ እራት የሚሠራው በማገዶና በከሰል ነው፤ በበጋ ሌሊት ደግሞ መሬቱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ተንሸራቶ ጎድጓዳው ውስጥ ይተኛል። ከላይ ሞቅ ያለ አየር ይከድነዋል። ጭሱ መውጫ ያጣል። መብራቱና ጭሱ ለየብቻ ቢሆኑ ይሻል ነበር። አንድ ላይ ሲሆኑ እያንዳንዷ የጭስ ቅንጣት የመንገድ መብራቱን ተቀብላ ወደ ካሜራው ትበትናለች።

ሦስተኛው ጉሙ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ በሐረጎ በኩል ሽቅብ ይመጣል። መጀመሪያ የሩቁ አምፖል ዙሪያውን ነጭ ክብ ያወጣል፤ ከዚያ አምፖሉ ራሱ ይጠፋል። ከዚያ የሌንሱ ፊት ይረጥባል። በአንዱ ሌሊት ተከታታይ ፎቶዎች ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። በመጀመሪያው ፎቶ ከዋክብቱ ሹል ነጥቦች ናቸው። ቀስ በቀስ ያብጣሉ፣ ዙሪያቸው ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ እንደ ነጭ አበባ ይሆናሉ። እሱ ይህን ሲያይ ሌንሱ ፎከስ እየለቀቀ ነው ብሎ ነበር አዲስ መግዛት ያሰበው። የሆነው ግን ጤዛ ነው።

ትንበያው ለምን እንዳልያዘለት በኋላ ገባው። ዓለም አቀፎቹ የትንበያ ሞዴሎች ምድርን በትልልቅ ካሬ ከፋፍለው ነው የሚያሰሉት። ከጥሩዎቹ አንዱ የአውሮፓው ነው፤ የእሱም ካሬ ጎኑ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ፣ ጦሳና ወደ ሐረጎ የሚወርደው ገደል በአንድ ወይም በሁለት ካሬ ውስጥ ይጠቃለላሉ። ሞዴሉ ገደሉን አያየውም። ጉሙን የሚሠራው ደግሞ ገደሉ ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ጦሳ። መጀመሪያ ያሰበው ከፍ ማለትን ነው። ጦሳ ወገብ ላይ ወጣ። ከጭሱ ወጣ፤ እሱ እውነት ነው። ፎቶው ላይ ያለው ቡናማነት ግማሽ ያህል ቀነሰ። ግን አዲስ ችግር መጣ። የፍኖተ ሐሊብ መሃል ከዚህ ቦታ ሲታይ የሚወጣው ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ዘንበል ባለ አቅጣጫ፣ በኮምፓስ 120 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው በዚሁ አቅጣጫ ነው። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በአየር ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩን ጨምሮ የከተማው መብራት ሁሉ ፍኖተ ሐሊብ በሚወጣበት በር ላይ ተደርድሯል። ደሴ ራሷ ደግሞ ከእግር ሥር ናት። ከፍታ ተገኘ፣ አቅጣጫው ግን ተበላሸ።

ሐይቅ። ቀጥሎ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ሐይቅ ሄደ። ሰማዩ ከደሴ በጣም ይጨልማል። ውሃው በረጋበት ሰዓት ኦሪዮንን ከነነጸብራቁ አነሳ፤ እስካሁን ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ አለ። ያምራል። ለኔቡላው ግን ቦታው አልሆነም። ሐይቁ ሌሊቱን ሙሉ እርጥበት ይለግሳል። ሌንሱ ካሜራው በተተከለ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይረጥባል። በጨርቅ ቢጠርገውም አልጠቀመም፤ ጨርቁ የተወው ስስ ሽፋን ከጤዛው ባልተናነሰ ብርሃኑን ይበትናል።

እዚህ ላይ አንድ ዘዴ ፈጠረ። እናቱ ለብርድ በሽታ ጨው አሙቀው በጨርቅ ቋጥረው ይተኩሱት ነበር። እሱም ጨው በምድጃ አሙቆ ካልሲ ውስጥ አደረገና ሌንሱ አንገት ላይ ጠመጠመው። ሌንሱ ከአካባቢው አየር ትንሽ ከሞቀ ጤዛ አይቀመጥበትም፤ ምክንያቱም ጤዛ የሚወርደው ከአየሩ የጤዛ ነጥብ (እርጥበቱ ወደ ውሃ መለወጥ ከሚጀምርበት ሙቀት) በታች የቀዘቀዘ ነገር ላይ ነው። ሠራ፤ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል። ጨው በጣም ከሞቀ ደግሞ ፎከሱን ያንሸራትታል። በኋላ በፓወር ባንክ የሚሠራ ማሞቂያ ቀበቶ አስመጣ፤ ያ ለሥራው የሚበቃ ሆነ። ዋናው ግን ሐሳቡ ነው። ጤዛውን ከመጥረግ ይልቅ ቀድሞ መከልከል።

ጉጉፍቱ። ከደሴ ወደ ወረኢሉ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ውርጭ የሚጥልበት ደጋ ነው። ከፍታው ከደሴ ይበልጣል፤ የተቀመጠውም ከጠርዙ ወደ ውስጥ፣ ወደ ምዕራብ ገባ ብሎ ነው። ሁሉ ነገር የተቀየረው እዚህ ነው።

አንደኛ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ወደ ሰሜን ምሥራቅና ወደ ምሥራቅ ቀሩ። ደቡቡና ደቡብ ምዕራቡ ጨለማ ነው። ሁለተኛ፣ የቆላው እርጥበት ሽቅብ ወጥቶ እዚህ ከመድረሱ በፊት ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ላይ ይራገፋል። ሦስተኛው ነገር እሱም እኔም ያልጠበቅነው ነው። ሰገነቱ ላይ ያስለቀሰው ያ ጉም እዚህ ረዳው። ጉሙ ከታች ጎድጓዳውን ሲሞላው የከተማውን መብራት ይከድነዋል። ከላይ ያለ ሰው መብራቱን አያየውም፤ ወደ ምሥራቅ ያለው የሰማይ ንጣት በግልጽ ይቀንሳል። ስለዚህ ደሴ ላይ ጉም የወረደበት ሌሊት ጉጉፍቱ ላይ ከምርጦቹ አንዱ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ደሴ ያለ ጓደኛው ደውሎ «ጉሙ ወረደ» ሲለው ደስ ይለው ጀመር።

ይህ ቦታ ያለ ሰው አልተገኘም። ሌሊት ሜዳ ላይ በስታንድ የተተከለ ዕቃ ይዞ መቆም ያስጠረጥራል፤ ቢያስጠረጥርም አይገርምም። በቀን ሄዶ ቀበሌ አስፈቀደ፣ ለሚሊሻዎቹ ፎቶዎቹን አሳየ። ከዚያ አንድ አዛውንት ገበሬ ግቢያቸውን ሰጡት። ስለዚያ አካባቢ አየር ከማንኛውም አፕ የበለጠ የነገሩን እሳቸው ናቸው።

ከጎህ በፊት የታየው ብርሃን

በአንድ የጥቅምት ሌሊት ከንጋቱ 10 ሰዓት ላይ ምሥራቁ ነጣ። ብርሃኑ ከአድማስ ሰፍቶ ተነስቶ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። ወጣቱ የአፋር ከተሞች መብራት መሰለው። ከዚያ ደግሞ ነጋ ብሎ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

«አባባ፣ ነጋ እኮ» አላቸው።

«አልነጋም ልጄ፣ አብሽር። ይኸ የውሸቱ ጎህ ነው። ተመልሶ ይጠፋል፤ እውነተኛው የሚመጣ ወደ ጎን እየሰፋ ነው። ሱብሒ ገና ነው።»

«በምን አወቁ?»

«ዕድሜ ልካችንን ስንሰግድ በምን ጊዜ ለይተን ይመስልሃል?»

ልክ ነበሩ። ያ ብርሃን በፕላኔቶቹ መካከል የሚንሳፈፍ አቧራ የፀሐይን ብርሃን ሲመልስ የሚታይ ነው፤ በእንግሊዝኛው ዞዲያካል ላይት ይሉታል። ከአየርም ከመብራትም የመጣ አይደለም። በኛ ኬክሮስ ፕላኔቶቹ የሚሄዱበት መስመር ከአድማስ ቀጥ ብሎ ስለሚነሳ ብርሃኑ ከሰሜን አገሮች በተሻለ ይታያል። ሙስሊሙ ለሶላትና ለጾም ሰዓት ሲል ለዘመናት ለይቶ ያውቀዋል። ለፎቶ አንሺ ደግሞ ጥሩ መለኪያ ነው። የውሸቱ ጎህ ጎልቶ የታየበት ቦታ ሰማዩ በእርግጥ ጨለማ ነው፤ ከከተማ ሰገነት ላይ አይታይም።

የጨረቃንም ነገር ያቀለሉልን እሳቸው ናቸው። የእስልምናው ወር የሚጀምረው በአዲስ ጨረቃ ስለሆነ፣ ወሩ ሊያልቅ ሦስትና አራት ቀን ሲቀረው ሌሊቱ ጨለማ ነው። ወጣቱ «ዛሬ ስንተኛው ነው?» ብሎ እሳቸውን ደውሎ ይጠይቃል። የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የሚያውቅ ሰውም በሠርቀ ሌሊት፣ ማለትም በጨረቃ ቀን ቆጠራው፣ ያንኑ ያገኛል።

ወሩን መምረጥ

ቦታው ከተገኘ በኋላ የቀረው ጊዜው ነበር። እዚህ ላይ የወሎ ፎቶ አንሺ ትልቅ አጣብቂኝ አለበት። ሰማዩ ጥርት የሚለው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በዚያ ጊዜ ግን የፍኖተ ሐሊብ መሃል ከፀሐይ ጋር ስለሚውል ሌሊት አይታይም። መሃሉ ሌሊቱን ሙሉ የሚታየው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ያኔ ደግሞ ክረምት ነው። ወሎ በዚህ ላይ በልግ አለው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መሃሉ ሌሊት ላይ ይወጣል፣ በየካቲት ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ፣ በሚያዝያ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በፊት፤ የበልግ ደመናም አብሮ ይመጣል።

ስለዚህ ሁለት መስኮቶች ቀሩለት። አንዱ በልግ ላይ ዝናብ ዘንቦ በጠራ ማግስት ያለው ሌሊት ነው። ዝናቡ አቧራውንና ጭሱን ያጥበዋል። ይህ መስኮት ግን አይታመንም። ሌላው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው፤ ዋናውም እሱ ነው። ክረምቱ ወጥቷል። መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ አቧራ አልተነሳም፣ የአውድማና የማሳ ቃጠሎ ጭስም አልመጣም። መሃሉ በዚህ ጊዜ እንደመሸ በደቡብ ምዕራብ በኩል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይሠራበታል። ጉጉፍቱ ላይ ደቡብ ምዕራብ ጨለማው ጎን ነው። ሁሉም ነገር የገጠመው እዚህ ላይ ነው። ግድግዳ የሚያክል የታተመው ፎቶ የተነሳው በዚህ መስኮት ነው። 18 ሚሊ ሜትር፣ 17 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን) 3200፣ ተደራርቦ። በፎቶው ላይ ፍኖተ ሐሊብን የሚከፍለው ጥቁር የአቧራ ጅረት ሳይቀር ይታያል።

የኦሪዮን ኔቡላ ጉዳይ ቀላል ሆነ። ኦሪዮን አናት ላይ ስለሚወጣ ከአድማሱ ጭጋግ ያመልጣል። በጥር አንድ ቀን ደሴ መብራት ጠፍቶ በነበረ ምሽት፣ ከዚያው ከጥንቱ ሰገነት፣ ጉሙ ሳይመጣ በፊት ደህና አድርጎ አነሳው። መብራት መጥፋቱ ማንንም አያስደስትም፤ እሱ ግን ባትሪዎቹን ሞልቶ ይጠብቅ ነበር።

ያልሠራው

የሰሜን ኮከብ ነገር ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ኮከቧ ከአድማስ የምትወጣው የቦታውን ኬክሮስ ያህል ነው፤ እኛ ጋ 11 ዲግሪ። ክንድ ዘርግተው ቡጢ ሲጨብጡ የቡጢው ስፋት 10 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ ብርሃኗ አምስት እጥፍ የወፈረ አየር ያቋርጣል፤ በጥር አቧራ ላይ ጭራሽ በዓይን አትታይም። ወጣቱ ካሜራውን ከከዋክብቱ ጋር የሚያዞር ቀላል መሣሪያ አናጺ ዘንድ አሠርቶ ነበር። ሁለት ጣውላ በማጠፊያ ተያይዞ፣ መሃላቸውን አንድ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን እየገፋ ይከፍታቸዋል። ቡሎኑ በአንድ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ከማጠፊያው እስከ ቡሎኑ 228 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በደቂቃ አንድ ዙር ማዞር ከምድር መዞር ጋር ይገጥማል። አናጺው በጥንቃቄ ነው የሠራው። ግን ማጠፊያው ወደ ሰሜኑ ዋልታ ካልተነጣጠረ ዋጋ የለውም። ጉጉፍቱ ላይ አድማሱ ክፍት ስለሆነ በጥቅምት ይሠራል። ደሴ ላይ በስልክ ኮምፓስና በዲግሪ መለኪያ ሞከረ። የስልክ ኮምፓስ በጥቂት ዲግሪ ይስታል፣ ያ ደግሞ ኮከቡን መስመር ለማድረግ ይበቃል።

ቴሌስኮፗም በሰገነቱ ላይ አልሆነችም። ጁፒተር በቴሌስኮፕ ውስጥ እሳት ላይ እንዳለ ሽሮ ይፍለቀለቃል። ምክንያቱ ከፊት ያለው የቆርቆሮ ጣራ ባሕር ነው። ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ማታ ይለቃል፣ አየሩ ይታወካል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ተማርን። የአየር ጥራትና የአየር እርጋታ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዝናብ በኋላ ነፋስ ያለበት ጥርት ያለ ሌሊት ለፍኖተ ሐሊብ ግሩም ነው፤ ለፕላኔት ግን አይሆንም፣ ከዋክብቱ ይርገበገባሉ። ስስ ጭጋግ ያለበት፣ ነፋስ የሌለው ሌሊት ደግሞ ለኔቡላ ከንቱ ነው፤ ጨረቃና ጁፒተር ግን ረግተው ይታያሉ። ስለዚህ ቴሌስኮፗን ወደ አንድ የሣር ሜዳ አወረዳትና ጭጋጋማ ሌሊቶችን ለጨረቃ ሰጣቸው።

በኮምፒውተር ጭጋጉን ለማንሳት የሞከረውም አልተሳካም። ፕሮግራሙ ንፅፅሩን ሲያጎላ እህሉንም አብሮ ያጎላል። ብርሃኑ መንገድ ላይ ከቀረ ወደ ፎቶው የሚመልሰው ነገር የለም።

ለሌላው የሚተርፍ

ወሎ ውስጥም ሆነ በሌላ የደጋ ጠርዝ ላይ፣ ለምሳሌ ደብረ ሲና አካባቢ፣ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ከፍ ልበል?» ሳይሆን «ከጠርዙ ምን ያህል ወደ ውስጥ ልግባ?» መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ከፍታ ይረዳል። ግን ጠርዝ ላይ ያለ ከፍታ የጉም መንገድ ነው።

ከመሄድ በፊት ካርታ ላይ ሁለት መስመር ማስመር ይጠቅማል። አንዱ ሊነሳ የተፈለገው ነገር በዚያ ሰዓት ያለበት አቅጣጫ፣ ሌላው በአቅራቢያ ያለው ከተማ አቅጣጫ። ሁለቱ ከተገናኙ ቦታው ይቀየር፤ ወይም ያው ነገር በሌላ ወር በሌላ በኩል ሲሆን ይጠበቅ። ወጣቱ በየካቲት ምሥራቅ ላይ ያጣውን በጥቅምት ምዕራብ ላይ አገኘው።

ትንበያን በተመለከተ የደመናውን ምልክት ብቻ ማየት አይበቃም። ፀሐይ ስትጠልቅ የአየሩ ሙቀትና የጤዛ ነጥቡ ይታዩ። ልዩነታቸው ከ2 ወይም ከ3 ዲግሪ ካነሰ ጉም ወይም ጤዛ መምጣቱ አይቀርም ማለት ነው። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣም ይታይ፤ ደሴ ላይ ከቆላ በኩል ከሆነ ጉሙ መንገድ ላይ ነው። የአካባቢው ገበሬ ይህን ያለ መሣሪያ ያውቀዋል፣ መጠየቅ ነው።

ባትሪ በውርጭ ቶሎ ይደክማል፣ ኪስ ውስጥ ይያዝ። ጋቢ ከአንድ በላይ ይያዝ።

አዲስ አበባ አጠገብ ያለው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ 3,200 ሜትር ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉት። ለትልቅ ኦብዘርቫቶሪ ሌላ ቦታ ሲታሰብ ደግሞ ዓይን የተጣለው ሰሜን ወሎ፣ ላሊበላ አካባቢ ባሉት ተራሮች ላይ ነው። በግሌ ይህ ያኮራኛል። የሚያሳስበኝ ደግሞ ከተሞቻችን የመንገድ መብራት ሲተክሉ ወደ ላይ የሚያበራውን መምረጣቸው ነው። ቆብ ያለው፣ ወደ መሬት ብቻ የሚያበራ አምፖል መንገዱንም ይበልጥ ያበራል፣ ሰማዩንም ይተዋል።

ለወጣቱ ቀጥሎ የሚፈተነው ቦታ ደላንታ ነው። በኦፓል የሚታወቀው ይህ ደጋ ከምሥራቁ ጠርዝ ከጉጉፍቱም በላይ ይርቃል፤ የደሴ መብራትም አይደርሰውም። ግን የበሽሎ ሸለቆ አጠገቡ ነው። ከበሽሎ ሌሊት የሚወጣ እርጥበት አለ ወይ? ካለ በየትኛው ወር? ይህን ለማወቅ ካሜራ ከመውሰዱ በፊት በዚያው ደላንታ፣ ወገል ጤና ከተማ ያለ አንድ ዘመዱ በየምሽቱ የሙቀቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫና የጉሙን ሰዓት እንዲጽፍለት ደብተር ልኮለታል።